ለልጅ ልክ የሆነ ፈረስ፦ የሱሉልታ የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

የዘንድሮው የልጆች ግልቢያ ዛሬ ተጀመረ። ቦታው ሱሉልታ ነው፤ ከእንጦጦ ወርዶ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ሲባል፣ የአጎቴ ልጅ ለፈረሶቹ የተከራያት የግጦሽ መሬት። ዝናቡ ካባራ ቆየት ቢልም ሜዳው ታች ታቹን ገና ጭቃ ነው። አምስት ፈረስና ስድስት ልጅ አለን። ልጆቹ ሁሉም ከአዲስ አበባ የሚመጡ ናቸው፤ አምስቱ ፈረስ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ስድስተኛው፣ የአሥር ዓመት ልጅ፣ እንጦጦ ላይ በኪራይ ፈረስ ሁለት ጊዜ ስለዞረ ከመኪና የወረደው ደረቱን ነፍቶ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ማስታወሻ ፊታውራሪ ብዬዋለሁ። የማንኛቸውንም ስም አልጽፍም፤ የሰው ልጆች ናቸው።

ድልድሉን የሠራሁት ትናንት ማታ ነው። አጭር ልጅ ለአጭር ፈረስ፣ ረጅም ልጅ ለረጅም ፈረስ። ፈረሶቹን በዓይኔ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደረደርኳቸው፦ ቦራ፣ ቡላ፣ ጉራች፣ አምባላይ፣ ዳማ። (ስም አናወጣላቸውም፣ በመልካቸው ነው የምንጠራቸው።) ልጆቹንም እንደዚያው ደርድሬ በመስመር አገናኘሁና ተኛሁ።

አንድ ሰዓት አልቆየም። ትንሿ፣ የሰባት ዓመቷ፣ ቦራ ላይ ወጣች። ቦራ ከሁሉም አጭር ነው፤ ከሁሉም ተንኮለኛ መሆኑን ግን ምን ነክቶኝ እንደረሳሁት እንጃ። ገና ሳትደላደል አንገቱን ቁልቁል ለቀቀና ሣር መንጨት ጀመረ። እሷ ልጓሙን አጥብቃ ይዛ ስለነበር ተከትላው አንገቱ ላይ ተደፋች። በሹራቧ ጀርባ ያዝኳት። ሁለተኛ ሲደግማት ግን ለቅሶው ቀለጠ፤ እናቷም ከአጥሩ ማዶ እየሮጠች መጣች።

ዝምተኛው፣ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ቡላ ላይ ሲቀመጥ ሁለት እግሩ እንደ መቀስ ተከፍቶ ቀረ። ቡላ ባዝራ ናት፤ አጭር ናት፣ ሆዷ ግን እንደ ጎታ የሰፋ። እርካቡ ስለማይደርስለት ጫማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ዞረ። ሲወርድ መራመድ አቃተው። ለዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ጉራች ደረሳት፤ ጉራች ደግሞ እርምጃ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ከቆመበት ተነስቶ ሶምሶማ ነው። ፊታውራሪ አምባላይ ላይ ወጥቶ ሁለት ዙር ከሄደ በኋላ "ጋሼ፣ ይሄኛው ባትሪው አልቋል" አለኝ።

የቀሩት ሁለቱ፣ የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ታላቅ እህትና አንድ ደልደል ያለ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ዳማን ተራ በተራ ያዙ። ዳማ ምንም አላለም። ዳማ ጣሪያ ቢወድቅበትም ምንም አይልም።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ፈረሶቹን የሚጠብቁልን ሽማግሌ ኮርቻ እያወረዱ፣

"ልጄ፣ አንተ ፈረሱን ከመሬት ነው የለካኸው" አሉኝ።

"አዎ አባባ።"

"ልጁ የሚቀመጠው መሬት ላይ ነው?"

መልስ አልነበረኝም።

እሑድ፣ ጥቅምት 3

ከዓይን ግምት ልውጣ ብዬ ዛሬ ስንለካ ዋልን። የመንደሩ አናጢ ሁለት ሜትር በሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ክንድ ሠራልኝ፤ ክንዱ ላይ ትንሽ ውሃ ልክ በፕላስተር አሰርንበት። የፈረስ ቁመት የሚለካው ከመሬት እስከ ጫንቃው ነው፤ ጋማው አልቆ ጀርባው ሳይጀምር መሀል ላይ ያለችዋ ጉብታ። ራሱ አይቆጠርም፣ ቀና ደፋ ሲል ይውላልና። መሬቱ ደልዳላ ካልሆነ ልኩ በሦስት በአራት ሴንቲሜትር ይዋሻል፤ ስለዚህ የመኖ መጋዘኑን ሲሚንቶ ጠርገን አንድ በአንድ አስገባናቸው። አራቱም እግራቸው እኩል እስኪቆም መጠበቁ ነው ግማሽ ቀን የፈጀው።

ቦራ 118፣ ቡላ 124፣ ጉራች 127፣ አምባላይ 129፣ ዳማ 131 ሴንቲሜትር ሆኑ።

ከትንሹ እስከ ትልቁ ያለው ልዩነት 13 ሴንቲሜትር ብቻ መሆኑን ሳይ ማታ በመስመር ያገናኘሁት ወረቀት አሳቀኝ። በዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ሕግ ጫማ ሳያደርግ ከ148 ሴንቲሜትር የማይበልጥ ሁሉ ፖኒ ነው። እንግሊዞቹ በ"እጅ" ይቆጥሩታል፤ አንዱ እጅ አራት ኢንች ወይም 10.16 ሴንቲሜትር፣ ድንበሩም 14 እጅ ከ2 ኢንች። በዚህ ከሄድን የእኛ ትልቁ ዳማ እንኳ 13 እጅ አይሞላም። የውጭዎቹ መመሪያዎች "ለጀማሪ ልጅ ፖኒ ፈልጉ" ሲሉ ለእኛ የሚነግሩን ነገር የለም ማለት ነው፤ ቤታችን ያለው በሙሉ ፖኒ ነው። ደግሞም ጉግስ ሜዳ ላይ አዋቂ ሰው ተሸክሞ ሽምጥ የሚበረው ይኸው አጭሩ የአገራችን ፈረስ ነው። አጭር ስለሆነ ብቻ ለሕፃን ይሆናል ብሎ ማሰቡ የእኔ ስህተት ነበር።

ቀጥሎ ክብደት። ፈረስ የሚመዝን ሚዛን የለንም፤ ስሌት ግን አለ። ከፊት እግሮቹ ኋላ ያለው የደረቱ ዙሪያ ይለካል፣ ያ በራሱ ይባዛል፣ ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቱ ባለው ርዝመት ይባዛል፤ ይህ ሁሉ በሴንቲሜትር ከሆነና ለ11,880 ከተካፈለ የሚወጣው ኪሎ ነው። ዳማን በምሳሌ ልውሰድ፦ ደረቱ 150፣ ርዝመቱ 132፤ 250 ኪሎ ይመጣል። ቡላ 226፣ አምባላይ 217፣ ጉራች 206፣ ቦራ 181። ግምት ነው እንጂ ሚዛን አይደለም፣ ግን ከእኔ ዓይን ይሻላል።

ጉራችን የለካሁት በአናጢው የብረት ሜትር ነበር። ደረቱ ላይ አዙሬ ጫፉን ስለቀው ሸርርር ብሎ ተጠቀለለ። ጉራች መሪ ገመዱን በጥሶ፣ በበሩ ጠባብ ክፍተት ወጥቶ፣ በመንገዱ አንድ ጆንያ ፉርሽካ ቀዶ ሄደ። እስከ ማታ ድረስ ሲሚንቶው ላይ ፉርሽካ ስንጠርግ ቆየን። ከዚያ በኋላ በልብስ ሰፊ ሜትር ብቻ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ፈረሱ ከታወቀ ልጁም መመዘን አለበት። የተለመደው መመሪያ ጋላቢው ከነኮርቻው ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ እንዳያልፍ ነው የሚለው። ለጀማሪ እኔ ወደ 15 ብናወርደው እወድ ነበር፤ ጀማሪ እያንገዋለለ ስለሚቀመጥ ያው ኪሎ ጀርባ ላይ ይበልጥ ይከብዳል።

በአካባቢው ሚዛን ያለው ወፍጮ ቤት ነው። ስድስቱን ልጆች ከነጫማቸው አሰልፌ ስገባ ባለ ወፍጮው ከላይ እስከ ታች አየንና "ይፈጩ ወይስ ይከኩ?" አለ። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ።

ትንሿ 20፣ ዝምተኛው 24፣ የዘጠኝ ዓመቷ 26፣ ፊታውራሪ 30፣ ታላቅ እህትየው 37 (አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ረጅምና ሸንቃጣ)። ደልደል ያለው ልጅ መጨረሻ ላይ ሆኖ ተራውን ለሌላው እየሰጠ ወደ ኋላ ሲል አይቼዋለሁ፤ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እንዳላነብ ወስኜ ነበር። ፊታውራሪ ግን በትከሻዬ ላይ አንጋጦ "አርባ ስድስት!" ብሎ ጮኸ። ልጁ ከሚዛኑ ወርዶ በሩ ላይ ቆመ። ለየብቻ መመዘን ነበረብኝ። ሁለተኛ እንዲህ አላደርግም።

የእኛ አገር ኮርቻ፣ እንጨቱም ቆዳውም ተደምሮ፣ 7 ኪሎ ነው። 46 እና 7፣ 53። ዳማ 20 በመቶው 50 ነው። ስለዚህ ይሄ ልጅ የሚወጣበት ፈረስ ለጊዜው የለንም። አልነገርኩትም። "አንተ ዛሬ የዳማን ኮቴ ትጠርግልኛለህ" አልኩትና መጥረጊያውን ሰጠሁት። ዳማ ለእኔ እንኳ እግሩን የሚያነሳው ተለምኖ ነው። ለዚህ ልጅ ገና ጎንበስ ሲል አነሳለት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

የአባባ ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ሲያብላላኝ ከረመ። ልጁ የሚቀመጠው ጀርባ ላይ ከሆነ መለካት ያለበት ጀርባው ነው፤ ጭኑ የሚያርፍበት ቦታ ምን ያህል ይሰፋል? በሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች መሀል ፈረሶቹን አቁመን ስፋታቸውን ያዝን። ቡላ 47 ሴንቲሜትር፣ ዳማ 45፣ ቦራ 43፣ ጉራች 38፣ አምባላይ 37።

አምባላይ! በቁመት ሁለተኛዋ ረጅም ከሁሉም ጠባብ ሆና ተገኘች። አሮጊት ናት፣ ወደ አሥራ ስምንት ዓመት ይሆናታል፣ ጀርባዋ ትንሽ ሰርጎድ ብሏል። ሁለቱ አጫጭሮች ቦራና ቡላ ደግሞ ሰፋፊ ናቸው። የጥቅምት 2 ወረቀቴ እንግዲህ እግራቸው አጭር የሆኑትን ልጆች እየመረጠ ሰፊ ፈረስ ላይ ነበር ያወጣቸው።

ስፋቱ ለልጅ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ሁለት ጆንያ ጭድ ሞላን፣ አንዱን ጠበቅ፣ ሌላውን ሰፋ አድርገን አስረን አግዳሚ ላይ ጫንናቸው። ዝምተኛውን በጠባቡ ላይ ሳስቀምጠው ጭኑ ቁልቁል ወረደ፣ ጉልበቱ ከዳሌው በታች ሆነ፣ ጣቱ ወደ ፊት አየ። በሰፊው ላይ ሳስቀምጠው ጭኑ እንደ ወንበር አግድም ሆነ፣ ጣቶቹ ወደ ውጭ ዞሩ፣ ወገቡ ወደ ኋላ ተንጋለለ። እጁን ደግሞ ወዲያው የሚይዘው ነገር ፍለጋ ዘረጋ። እውነተኛ ፈረስ ላይ ቢሆን የሚይዘው ልጓሙን ነው። ልጓም ብረቱ ያለው በፈረሱ አፍ ውስጥ ነው፤ ልጁ ሚዛኑን በልጓም ሲጠብቅ አፉን ይቀጠቅጠዋል፣ ፈረሱም ራሱን ይወረውራል፣ ልጁ የበለጠ ይፈራና የበለጠ ይጎትታል። "አመለኛ ፈረስ" ብለን ከምናባርራቸው ስንቶቹ ልካቸው ያልሆነ ልጅ የወጣባቸው እንደነበሩ አሁን ነው የሚገባኝ።

ዝምተኛው ከጭዱ ሲወርድ "ይሄኛው ይሻላል" አለ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

ሁለተኛ ያየሁት ተረከዝ የሚደርስበትን ነው። የልጁ ተረከዝ ቢያንስ ከፈረሱ ጎን አጋማሽ ዝቅ ማለት አለበት። ከኮርቻው ቆዳ ሳያልፍ ከቀረ ልጁ ቢመታ የሚመታው ቆዳውን ነው፣ ፈረሱ አይሰማም። በተቃራኒው ታላቅ እህትየውን ለሙከራ ቦራ ላይ ሳወጣት ጫማዋ ከሆዱ በታች ተንጠለጠለ፤ እሱን ለመንካት ጉልበቷን ወደ ላይ ማጠፍ ነበረባት። ፊታውራሪ "ብስክሌት!" አላት። እሷም ስትወርድ ቆንጥጣዋለች፤ አላየሁም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ገንዘብ አቃጠልኩ። አንድ ደላላ ደውሎ "ለልጆች የምትፈልገውን አገኘሁልህ፤ ትንሽዬ፣ ጠባብ፣ እንደ በግ የዋህ" አለኝ። ሄጄ ባየው እውነትም 112 ሴንቲሜትር፣ ጎኑ 34፣ ቢነካኩት ዓይኑን አያንቀሳቅስም። ለትንሿ የተፈጠረ መሰለኝ። ሦስት ሺህ ብር ቀብድ ሰጥቼ አባባን አስጠራሁ፤ ማስጠራት የነበረብኝ ከቀብዱ በፊት ነበር።

አባባ ምንም ሳይሉ ከንፈሩን ገለጥ አደረጉት። የፊተኞቹ ሁለቱ ጥርሶች ተቀይረዋል፣ ከጎናቸው ያሉት ገና የወተት ናቸው፤ ትናንሽ፣ ነጫጭ፣ ሥራቸው ላይ ቀጠን ያሉ። የፈረስ የፊት ጥርስ መሀለኛው ጥንድ በሁለት ዓመት ተኩል ይቀየራል፣ ቀጣዩ በሦስት ተኩል፣ የጥጉ በአራት ተኩል፤ አምስት ሲሞላው አፉ ይሞላል።

"ሕፃን ለሕፃን ልታሳዝል ነው?" አሉኝ።

ትንሽ የሆነው ገና ስላላደገ ነው። የጀርባው አጥንት ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የሚጠነክረው፣ ጥርሱ ሞልቶ እንኳ ገና ጊዜ ይፈልጋል። ኮርቻ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጠጉሩን ገልበጥ ስናደርግ ነጭ ነጭ ብሏል፤ ቆስሎ የዳነ ቦታ ጠጉሩ እንደዚያ ነው የሚበቅለው። በሁለት ዓመቱ ገጣባ ነበር። የዋህነቱም ከረሃብ ነው፣ አንድ ወር ገብስ ቢበላ የማናውቀው ፈረስ ይሆናል። ባለቤቱ ቀብዱን አልመልስም አለ። ስመለስ ታክሲ ውስጥ አንድም ቃል አልተነጋገርንም፣ አባባ ብቻ አንድ ሁለቴ ሳቅ አፈናቸው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ አምስቱንም ከተባቸው። የአፍሪካ የፈረስ በሽታን የሚያስተላልፉት ከዝናብ በኋላ የሚበዙ ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ናቸው፤ ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል። ሁለት ሳምንት እረፍት። ልጆቹ ይምጡ፣ ግልቢያ ግን የለም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ያለ ግልቢያ ልጆቹ ይሰለቻሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ማበጠር፣ ኮቴ መጥረግ፣ ፈረስ በመሪ ገመድ ይዞ መሄድና ማቆም ስናለማምድ ዋልን። ፈረስ ከኋላ በዝምታ አይቀረብም የሚለውን መቶ ጊዜ አልኩ።

የራስ ቁርም ሞከርን። አገር ለቀው የሄዱ የውጭ ዜጎች ትተውልን የሄዱት አንድ የልጆች ኮርቻና አራት የግልቢያ ቁር አለን። የብስክሌቱ ቁር አይሆንም፣ የራስን የኋላ ክፍል እንደ ግልቢያው ዝቅ ብሎ አይሸፍንም። ከግንባር በላይ የራስን ዙሪያ ለክተን፣ ማሰሪያው ሳይታሰር ራስን ሲያወዛውዙ የማይንቀሳቀሰውን መምረጥ ነው። ለትንሿ ባለፈው የመረጥኩላት ዛሬ አልገባ አለ። ራሷ በሁለት ሳምንት አደገ እንዴ እያልኩ ሳገላብጥ እናቷ "ትናንት ሹሩባ ተሠርታለች" አሉኝ። ድርብ ሹሩባ፣ ያውም ከላይ የተቋጠረ። አሁን ማስታወሻዬ ላይ በትንሿ መስመር ሁለት ቁጥር አለ፤ ከሹሩባ ጋር እና ያለ ሹሩባ። ከላይ የተቋጠረ አይቻልም፣ ወደ ኋላ የተኛ ይቻላል፤ ለእናቶች በሙሉ ነግሬያለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

እርካብ። ይሄ ነገር ከቁመቱም ከስፋቱም ያልተናነሰ ሆነ።

የእኛ ኮርቻ ከፊትም ከኋላም ከፍ ስለሚል ጀማሪን ደግፎ ይይዛል፣ ይሄን እወድለታለሁ። እርካቡ ግን የተሠራው ለአዋቂ ነው፤ ጠፍሩ ረጅም፣ ብረቱ ጠባብ። ድሮ በባዶ እግር ሲጋለብ አውራ ጣትን ብቻ ማስገባት የተለመደ ነበር፤ አባባ አሁንም አንድ እንደዚያ ያለች ቀለበት አላቸው፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። ስኒከር ያደረገ የከተማ ልጅ እንዲህ ያለ ጠባብ ብረት ውስጥ ጫማውን ጠቅጥቆ ካስገባ፣ ሲወድቅ እግሩ አይወጣም፤ ይጎተታል። ከውድቀቱ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ከጫማው በሁለቱም ጎን አንድ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት እንዲኖር ሰፋ ያሉ አራት ጥንድ አስበየድኩ። ጫማውም አጭር ተረከዝ ያለው መሆን አለበት፣ እግር ሾልኮ ወደ ፊት እንዳይገባ።

ጠፍሩን ቆዳ ሠሪ ዘንድ ወሰድኩት። ወስፌውን በሰም እያሸ ከነበሩት ቀዳዳዎች በላይ በሁለት ሁለት ሴንቲሜትር ልዩነት ስድስት ስድስት ቀዳዳ በሳልኝ። "ምን ያህል ትንሽ ነው ልጁ?" አለኝ። በእጄ ከመሬት አሳየሁት። ሳቀና ሰባተኛ ጨመረልኝ።

የልጁን ልክ ሳይወጣ ለማወቅ ጣቱን ጠፍሩ ኮርቻው ላይ ከሚታሰርበት ቦታ አድርጎ እርካቡን ወደ ብብቱ ይሳባል፤ ብብቱ ጋ ከደረሰ ልኩ ነው። ቀረብ ያለ ግምት ነው፣ የቀረው ከወጣ በኋላ ይስተካከላል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ሁለተኛው ድልድል። ትንሿ አምባላይ ላይ።

"ወንድሜ፣ ይሄኛው'ኮ ትልቅ ነው!" አሉ እናቷ።

"ከቦራ በ11 ሴንቲሜትር ነው የሚበልጠው እመቤቴ። ገመዱን እኔ ነኝ የምይዘው።"

በቢራ ሳጥን ላይ ቆማ ወጣች። ጭኗ ወረደ፣ በሰባተኛው ቀዳዳ እርካቡ ተረከዟ ሥር ሳይሆን የጫማዋ ሰፊው ቦታ ላይ ገባ። አምባላይ አንድ ጆሮዋን ወደ ኋላ አድርጋ ማን እንደወጣባት አጣራችና መራመድ ጀመረች። ሦስት ዙር። በሦስተኛው ትንሿ ልጓሙን በአንድ እጅ ይዛ በሌላው ለእናቷ እጇን አወዛወዘች። እናትየዋ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ ፊቴን አዞርኩ።

ዝምተኛውም ከግማሽ ሰዓት በኋላ እሷኑ ይወጣል፤ ተረኞች ናቸው። የዘጠኝ ዓመቷ ዳማን ያዘች። ሰፊ ነው፣ ግን ከኮርቻው ሥር የነበረውን ወፍራም ድርብ ብርድ ልብስ አንስቼ በስስ ስቀይረው ጭኗ በደንብ ቀረበ፤ ኮርቻው ራሱ በቂ ልባስ ስላለው ጀርባውን አይጎዳውም። ታላቅ እህትየው ቡላ ላይ ረጅም እግሯን አዙራ እንደ ቀበቶ ያዘቻት። 37 እና 7፣ 44፤ የቡላ ወሰን 45። ኪሎ ከጨመረች እናያለን።

ፊታውራሪን ጉራች ላይ አወጣሁት፤ ጠባብ ነው፣ ቁመቱ ይመጥነዋል፣ ኪሎውም ይበቃል፣ ልጁም ለምኖኛል። በሁሉም ልክ ልኩ ነበር። ሁለተኛው ዙር ላይ ከአጥሩ ሥር አንዲት ዶሮ ብድግ አለች፤ ጉራች ወደ ግራ፣ ፊታውራሪ ወደ ቀኝ። እግሩ ከእርካቡ ወዲያው ወጣ። በራሱ አርፎ ቁሩ ላይ ጭረት ወጣ፣ እሱ ግን ከጭቃ በቀር ምንም አልሆነም። ያቺ ቁር ከእንግዲህ አትደረግም፤ አንዴ የተመታ ውስጡ ይሰበራል፣ ከውጭ አይታይም። ደንባራ ፈረስ ስንት ሴንቲሜትር ቢሆን ለጀማሪ አይሆንም፤ ይሄን ለማወቅ ደግሞ እንጨትም ሜትርም አያስፈልገኝም ነበር። ጉራችን ለልጅ መስጠት እስከ መጨረሻው ቀረ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ሁለት ነገር ተገኘ።

አንደኛው፣ ፊታውራሪና ቦራ። ከውድቀቱ በኋላ ልጁ ቀዝቀዝ ብሎ መጣ፤ ቦራን ሲያይ ግን "ይሄ ትንሽዬው?" ብሎ አኮረፈ። ወጣ። ቦራ እንደ ልማዱ አንገቱን ቁልቁል ለቀቀ። ፊታውራሪ ልጓሙን አሳጠረና አንዴ በተረከዙ ገጨው። ቦራ ቀና ብሎ ዞሮ አየው። ሌላ ሞከረ፣ ሌላ ተመለሰለት። ለቀሪው ግማሽ ሰዓት ሁለቱ ሲተናነቁ ዋሉ፤ ባትሪ ስለሚባል ነገር ያነሳ የለም። 30 ኪሎው ላይ ቀላሏ የልጆች ኮርቻ 4 ሲጨመር 34 ነው፣ ወሰኑ 36፤ ስለዚህ ያቺ ኮርቻ የቦራ ሆናለች።

ሁለተኛው፣ በቅሎ። አባባ ከጎረቤት አመጧት። ቁመቷ 138፣ በስሌቱ ወደ 290 ኪሎ፤ ስሌቱ ለፈረስ ቢሆንም ለግምት ይበቃል። 53 ኪሎ ለእሷ ምንም አይደለም። ልጁን ጠርቼ ሳሳየው ፊቱ ወደቀ። "ሁሉም ፈረስ ላይ፣ እኔ በቅሎ?" አለኝ ቀስ ብሎ።

የምለው ጠፋኝ፤ አባባ ገቡልኝ። "ድሮ ደጃዝማች መንገድ ሲሄድ በምን የሚሄድ ይመስልሃል?" አሉት። "በፈረስ።" "በበቅሎ ነው። ፈረሱ ከጎኑ ባዶውን ይሳባል፣ ጦርነት ሲመጣ ነው የሚወጣበት። በሰላም አገር ፈረስ ላይ ቁጭ የሚለው አሽከሩ ነው።" የመጨረሻዋን ከራሳቸው የጨመሩ ይመስለኛል። ልጁ ወደ ፊታውራሪ ዞሮ ለአፍታ ከላይ እስከ ታች አየው።

በቅሎዋ ላይ ሲወጣ ኮቴ ሲጠርግ እንዳየሁት ነው፤ አይቸኩልም፣ አይጎትትም። ከስድስቱ ወገቡ ቀጥ ያለው እሱ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ጽዮን ማርያም ስለሆነ ሦስቱ አልመጡም። አምባላይን አሳረፍናት። የበቅሎዋን ኪራይ ተስማማን፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው፤ ይሁን።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

ሶምሶማ ጀመርን፣ በገመድ፣ ለአጭር ርቀት። ዝምተኛው አምባላይ ላይ እየተንሳፈፈ "አንድ ሁለት አንድ ሁለት" እያለ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። አሁን ዝም በል ብለው የማይሰማኝ ልጅ ሆኗል። አዲስ ቅጽል ልፈልግለት ነው።

ችግር፦ አምባላይ ሁለት ልጅ በተከታታይ ከተሸከመች በኋላ ስትጠጣ ትንፋሿ ቶሎ አልተመለሰም። ሱሉልታ ከፍ ያለ አገር ነው፣ እሷም አሮጊት ናት። በመሀል የሃያ ደቂቃ እረፍት፣ ሶምሶማውም ለአንዱ ልጅ በአንዱ ቅዳሜ፣ ለሌላው በሌላው። ሌላ ጠባብ፣ አርጅቶ የበሰለ ፈረስ እየፈለግን ነው። ደላላው ደግሞ ደውሎ ነበር። ስልኩን ለአባባ ሰጠሁት።

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ባለፈው ሳምንት ከተራ ስለነበር አልተገናኘንም። ዛሬ ስድስቱም መጡ።

ትንሿ አምባላይ ላይ ወጥታ "ጋሼ፣ ጉልበቴ ታጠፈብኝ" አለች። ጠፍሩን ነካክቼ አየሁ፣ አልተጠማዘዘም፣ ቀዳዳው ያው ሰባተኛው ነው። አወረድኳትና በመጋዘኑ በር ላይ አስደግፌ በአናጢው እንጨት ለካኋት። ጥቅምት ላይ 117 ነበረች። ዛሬ 119።

ስድስተኛው ቀዳዳ ላይ አወረድኩላት።